የሩክያ ጎማ ዱካ

ልጆቼ፣ የአያና ከተማን ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል። ቀይ ነው፣ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ጫማ ይውጣል። ሁለት ደህና እግር ያለው ሰው እንኳ ክረምት ላይ ከደጁ ተነሥቶ ጠጠሩ መንገድ ሲደርስ አንዱን ጫማ በእጁ አንጠልጥሎ ነው። እንግዲህ በዊልቸር የምትሄደውን ሩክያን አስቧት።

የሩክያ ወላጆች በዚያ በድርቅ ዘመን ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን ከሰፈሩት ናቸው። እሷ እዚያው ቆላ ተወልዳ፣ ገና ድክ ድክ ስትል በሽታ እግሮቿን ያዘባት። ኋላ ወላጆቿ አለፉ፣ አገሩም ተረበሸ፣ ከሸሸው ሰው ጋር አያና ገባች። ከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ጠጠሩ መንገድ ዳር በሶላር የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገች ትኖራለች። መብራት ሄዶ የሚሰነብትበት አገር ነውና ሥራ አላጣችም። ያጣችው መንገድ ነበር። በጋውን በገዛ እጇ እየነዳች ትወጣለች፤ ክረምት ሲገባ ግን ያቺ ከደጇ እስከ ጠጠሩ ያለችው ቀይ መንገድ ትይዛታለች። ያን ጊዜ ገፊ መለመን ነው። መለመን ደግሞ ከጭቃው ይብሳል። አንዱ ይገፋና ስልኩ ሲጠራ መሃል መንገድ ትቷት ይሄዳል። ሌላው አድርሷት ሲያበቃ ላገኘው ሁሉ «ሩክያን ገፍቼ መጣሁ» ይላል፣ ተራራ የገፋ ይመስል።

«ዘንድሮ የሰው እጅ እያየሁ አልከርምም» ብላ ሰኔ ሲገባ ገመቺስ ዘንድ ሄደች።

ገመቺስ የከተማው ጎሚስታ ነው፤ እጁ ቅባት፣ አፉ ጨዋታ የማያጣ። ያኔ ግን ሥራው ቀዝቅዞበት ነበር። ታጣቂዎች በሞተር እየመጡ በሞተር እየጠፉ ሰዉን ቢያስጨንቁት፣ ዶቅዶቄ የሚባል በአካባቢው እንዳይነዳ ታግዷል። ባለሞተሮቹ ሞተራቸውን ጎተራ ሥር ሸሸጉ። ያረጀው ጎማቸው ገመቺስ ደጅ ተከምሮ ቀረ።

«አኬም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ሩክያ! ዛሬ ደግሞ ማን ገፍቶሽ መጣሽ?»

«ከአላህ ሌላ ማን አለኝ?»

«እሱ ቢገፋሽማ እንዲህ በጭቃ አትቦኪም ነበር» አለና ጎንበስ ብሎ ጎማዋን ዳበሰው። «ይኸውልሽ፣ ይቺ ወንበር የተሠራችው ለሆስፒታል ሊሾ ነው። ጎማዋ ቀጭን፣ ልሙጥ። ጭቃውን እንደ ቢላ እየቆረጠች ትገባለች እንጂ በላዩ አትሄድም።»

«አውቃለሁ። እኔን የጨነቀኝ መድኃኒቱ ነው።»

ገመቺስ ወደ ክምሩ ዞሮ ሁለት አሮጌ የሞተር ጎማ መዘዘ። በቢላ ጎንና ጎናቸውን ቆርጦ ጣለ፤ ጥርስ ጥርስ ያለውን የመሃሉን ክር ብቻ አስቀረ። ያንን እንደ ቀበቶ በዊልቸሩ ጎማ ላይ ሲያለብሰው ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለ። በማስቲሽ ለጠፈው፣ ጠርዙን በቀጭን ሽቦ ወጋ ወጋ አድርጎ አሰረው። ኩሽኔታውን ፈትቶ አሸዋውን ጠረገና በግራሶ ሞላው። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ አዳመጠ፤ ድምፁ የሞተውን አጠበቀ፣ እንደ ክራር ክር ጥርት ብሎ እስኪጮህ። የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ሸርክቶ በእጅ የሚሽከረከረውን ቀለበት ጠመጠመበት፣ በዝናብ እጇ እንዳይሟልጭ። በመጨረሻም ትልልቆቹን ጎማዎች ትንሽ ወደ ፊት አምጥቶ ገጠማቸው። ክብደቷ እነሱ ላይ ዐረፈና የፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች መሬቱን የሚነኩት ለስሙ ብቻ ሆነ።

«ማታ ማታ ጭቃውን በእንጨት ጥረጊ። ሽቦው ሲላላ በድምፁ ይነግርሻል፤ ያን ጊዜ አምጪልኝ» አላት።

«እንግዲህ ጥርስ አበቀለች። ሰው ብትነክስብኝስ?»

«ከጭቃ በቀር አትነክስም፤ አይዞሽ።»

ያን ዕለት ሩክያ ዝናብ ባባራበት መንገድ ላይ ብቻዋን ወደ ቤቷ ገባች። ጥርሱ ጭቃውን ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ፣ ለቀቅ እያደረገ ወሰዳት። ደጇ ስትደርስ አልገባችም፤ ተመልሳ ጠጠሩ ድረስ ሄደች፤ እንደገና መጣች። ማንንም «እባክህ» ሳትል። እናንተ ልጆች፣ እግር ያለው ሰው ይህ ደስታ ምን እንደሆነ አይገባውም።

ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ የሚሳፈረው ሰው ስልኩን በጊዜ ስለሚፈልግ፣ ሰፈሩ በሩን ሳይከፍት ትወጣለች። የምትመለሰውም አመሻሽ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰዉ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ይቀረቅራል። እናም ስትወጣም ስትገባም የሚያያት አልነበረም።

ሐምሌ ሲገባ ነገር መጣ። መጀመሪያ ስልክ የሚያመጣላት ሰው ሳሳ። ከዚያ ጎረቤቶቿ ተለወጡ። በስተቀኝ ያለችው ሸዋጌጥ፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በጎጃም አንደበቷ «ሩክዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ሳትል አታልፍም ነበር፤ አሁን ድምፅ ስትሰማ በሯን ትዘጋለች። በስተግራ ያለችው ድርቤ የመንደሩ ተወላጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪት ናት። ሩክያን «ኢንተላ ኮ» ነበር የምትላት፣ ልጄ ማለቷ ነው። እሷም አንገቷን ደፍታ ማለፍ ጀመረች። አንድ ቀን ጠዋት ሩክያ ስትነሣ የቆርቆሮዋ ጣራ ላይ ድንጋይ አገኘች። ድንጋዩ ሲወድቅ ሰምታ ነበር፤ አቮካዶ መስሏት ነው እንቅልፏን የተኛችው።

«ምን አድርጌ ይሆን?» ብላ ራሷን መረመረች። ምንም አጣች።

በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ጥበቃ አለቃ ኢቢሳ ጠመንጃ የያዙ ሰዎቹን አስከትሎ ደጇ ቆመ። ጎረቤቶቿ በየአጥራቸው ብቅ አሉ።

«ሩክያ፣ እዚህ ቤት ማነው የሚያድረው?» አላት ኢቢሳ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እኔ። ሌላ ማን ይደር?»

«ይሄ ምንድነው ታዲያ?» መሬቱን በአፈ ሙዝ አሳያት። «ሁለት ዶቅዶቄ፣ ጎን ለጎን። ከደጅሽ ይነሣና ጠጠሩ ላይ ይጠፋል። ሲመሽ ይገባሉ፣ ሳይነጋ ይወጣሉ። እነማን ናቸው?»

«እነማን እንደሆኑማ እናውቃለን!» አለች ሸዋጌጥ፣ ዓይኗን ወደ ድርቤ ቤት ጥላ። «የሞተሩን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእነሱ ወገኖች ናቸው፣ እኛን ሊጨርሱ!»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ዋቀዮ ምስክሬ ነው» አለች ድርቤ። «ግን የእናንተ ወገን ናቸው፣ የምትጨርሱትስ እኛን ነው!»

ሩክያ ጎንበስ ብላ ዱካውን አየችው። የገመቺስ ጥርስ! ሳቋ ገነፈለ። ካንዱ ጠባቂ እጅ ላይ የጠመንጃ ቃታ ቀጭ ሲል ግን ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

«ወላሂ፣ ኢቢሳ፣ ይሄ የኔ ጎማ ነው።»

«የዊልቸር ጎማ ቀጭን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? በአካለ ስንኩልነትሽ ልትሸፍኛቸው ነው?»

ሩክያ ደፉን ወርዳ ማንም ባልረገጠው ጭቃ ላይ ዞር አለችና ተመለሰች። ከኋላዋ ሁለት የሞተር መንገድ ተዘረጋ፣ ጎን ለጎን። ጠባቂዎቹ አጎነበሱ። ጎረቤቶቹም በአጥራቸው ላይ ተንጠራሩ። ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሁሉም ተከተሉት። ድርቤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሸዋጌጥ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች «አንቺ ልጅ! ለአንቺ ጎማ ነው ስንት ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩት?» አለች። ሰምተነዋል ስላሉት የሞተር ድምፅ ማንም አላነሣም።

ያልሳቀ ኢቢሳ ብቻ ነበር። ለካ ለበላዮቹ አስቀድሞ ደውሎ፣ ኃይል ይላክልኝ ብሎ ኖሯል። ቀትር ላይ በመኪና ሙሉ ወታደር መጣና ዊልቸሯን ከበበ። አዛዡ ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ኢቢሳን እንዴት እንዳየው፣ ያየ ሁሉ አይረሳውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውየው ስም «ኢቢሳ ዊልቸር» ሆኖ ቀረ።

ሩክያ ስልኮቿ ተመለሱላት። ሰላምታዋም ተመለሰላት። ጭቃው ላይ ዱካ ያየ ሁሉ «ሩክያ አልፋለች» ይላል፣ ይስቃል። ሸዋጌጥና ድርቤ እንኳ እየተሳሳቁ መነጋገር ጀመሩ። ከፍርሃት የወጣ ሰው ሳቅ ይወዳል፣ ልጆቼ። ያንን ሳቅ ሊቀማው የሚመጣን ግን አይወድም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጣለው ዝናብ ንጋት ላይ አባራ። ሩክያ ለመውጣት በሯን ከፈተች፣ ደፉ ላይ እጇ ጎማው ላይ ቀረ።

መንገዱ ላይ ዱካ አለ።

የትናንት የራሴ ነው እንዳትል፣ ዝናቡ አጥቦታል። ዛሬ ገና አልወጣችም። ቀረብ ብላ አየችው። ያው ጥርስ ነው፤ የሞተር ጥርስ ሁሉ ያው ነው። ግን ጠልቋል። እሷ ከምትከብደው በላይ የሚከብድ ነገር ነው ያለፈው። ደግሞም ሁለቱ መስመሮች አንድ ቦታ ላይ ተጠጋግተው፣ ተሻግረው፣ ተለያይተዋል። የሷ ሁለት ጎማ በአንድ ብረት የታሰረ ነው፤ አንዱ ሌላውን መሻገር አይችልም።

በዓይኗ ተከተለችው። ከቆላው በኩል መጥቶ የሸዋጌጥ አጥር ሥር ቆሟል፤ እዚያ የጫማ ኮቴ አለ። ከዚያ የድርቤ አጥር ሥር ቆሟል፤ እዚያም ኮቴ አለ። ከዚያ ልክ እሷ በየቀኑ በምትሄድበት፣ አንድ ስንዝር ሳይስት ሄዶ፣ ዞሮ ወደ ቆላው ወርዷል። ዱካውን የሚጠራጠር እንደሌለ ያወቀ ሰው አካሄድ ነው። ታጣቂዎቹ በሷ ዱካ ተሸፍነው ነበር የመጡት።

«እቴ ሸዋጌጥ! እቴ ሸዋጌጥ፣ ነዪ እዪ!»

ሸዋጌጥ ወጣች፣ አየች፣ ሳቀች። «የገዛ ጎማሽን ትፈሪ ጀመር?»

«የኔ አይደለም። እዪው፣ ይሻገራል!»

«ጭቃ ነው፣ አዳልጦሽ ነዋ።»

ድርቤም መጣች። እሷ አልሳቀችም፤ ዱካውን ሳታየው ፊቷን አዞረች። «ኢንተላ ኮ፣ ተይን። ገና መተኛት መጀመራችን ነው።»

ሩክያ እየተንደረደረች ኢቢሳ ዘንድ ሄደች። ጥበቃዎቹ ከቆርቆሮ ዳሳቸው ሥር እሳት ከበው ይሞቃሉ።

«ሁለተኛ በዊልቸር አይሳቅብኝም» አላት ኢቢሳ፣ ያየችውን ተናግራ ሳትጨርስ።

«ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፣ እኔ ከቤቴ አልወጣሁም! ማን ሄደበት ታዲያ?»

«ጂን ይሆናላ። የናንተ ሰፈር ጂን ሞተር ገዝቷል?» አለ አንዱ፣ እሳቱን ከበው ሳቁ።

«ኢቢሳ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ተነሥተህ እየው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

እሱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሳቀበት ሰው ነው እንጂ። ኋላ ጠመንጃውን አንሥቶ ተነሣ። ግን ይኼኔ ሰማዩ እንደገና ወረደ። ደጇ ሲደርሱ መንገዱ የሚፈስ ቀይ ውኃ ብቻ ሆኖ ነበር።

«ይኸውልሽ» አላት፣ ሌላ አልጨመረም።

ያን ቀን ሩክያ የሰው ስልክ ታቅፋ፣ ከሸራዋ ሥር ተቀምጣ የገዛ ዱካዋን ስታይ ዋለች። ጥርስ ጥርስ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። በሄደች ቁጥር ለነዚያ ሰዎች መጋረጃ ትሰፋላቸዋለች ማለት ነው። ጥርሱ ወንበሯ ላይ እስካለ ድረስ፣ ታጣቂ ሠራዊት እንኳ ቢያልፍ «ሩክያ አልፋለች» ነው የሚባለው። ጥርሱ ከወለቀ ደግሞ ክረምቱ ገና አላለቀም፤ ያቺ ደፍ እስር ቤቷ ናት። መለመኑ ይመለሳል። «እባክህ» ይመለሳል። እጇን የጎማው ጥርስ ላይ አሳርፋ ቆየች።

ከዚያ ሸራዋን አጥፋ ገመቺስ ዘንድ ነዳች።

«አውልቀው።»

«ምኑን?»

«ጥርሱን።»

ገመቺስ የቀለደች መስሎት ሳቀ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። የሆነውን ነገረችው።

«ሩክያ፣ ክረምቱ እኮ ገና ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከቤትሽ አትወጪም።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

«የኢቢሳን ሥራ አንቺ ለምን ትሠሪለታለሽ?»

«ኢቢሳ አልሠራማ!» አለች። «ዱካውን ያዩት እንደሆነ ሩክያ ናት ይላሉ። እኔ ከሌለሁበት ግን ማን ነው ይላሉ። ቁረጠው።»

ገመቺስ ሽቦውን በፒንሳ እየቆረጠ ክሩን ገፈፈው፤ ሲገፈፍ እንደ ቆዳ ጮኸ። ከሥሩ ያ ቀጭኑ ልሙጥ ጎማ ወጣ፣ በፋሻ ታስሮ እንደሰነበተ ጣት ገርጥቶ። «እነዚህን ለመጪው ክረምት ላስቀምጥልሽ?» አላት።

«አይ። ወደ ጥበቃዎቹ ውሰደኝ።»

ገፋት። ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሁለቱን የጥርስ ክሮች በሰው ሁሉ ፊት አሰቀለችው። «እዩት! ኢቢሳ፣ አንተም እይ። ከዛሬ ጀምሮ ሩክያ ዱካ የላትም። ነገ ጭቃው ላይ የምታዩት የኔ አይደለም።» አንዱ ሊስቅ ጀመረ፣ የሚከተለው አጥቶ ተወ። ኢቢሳ ክሮቹን አያቸው፣ ራቁቱን የቀረውን ጎማ አየ፣ አንገቱን ደፋ።

ገመቺስ ወደ ቤቷ ሲመልሳት ጎማው መሃል መንገድ ላይ ገባ። እያለከለከ አወጣት። ደጇ ላይ አድርሷት «ነገ መጥቼ አወጣሻለሁ» አለ። «እባክህ» አለችው። ቃሉ አፏ ላይ ድንጋይ ሆነባት።

ማግስቱን ሲነጋ ዝናቡ ገና መቆሙ ነበር። ሩክያ የሰዉን ስልክ ታቅፋ በሯን ከፈተችና፣ ደፉ ላይ ካደረው ወንበሯ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ሸዋጌጥ ቀድማ ወጥታለች፤ መንገዱ ዳር ቆማ መሬት ታያለች። ድርቤም ከወዲያ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱም ቀና ብለው የሩክያን ጎማ አዩት፤ ደፉ ላይ፣ ገመቺስ በተወው ቦታ፣ ጭቃ ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ከዚያ እንደገና መሬቱን አዩ።

«ሩክዬ...» አለች ሸዋጌጥ።

«እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች።

ኢቢሳ ሳይጠራ መጣ። ተንበርክኮ ጣቱን ዱካው ውስጥ ከተተ። ውኃ ገና አልሞላውም። ከቆላው በኩል ገብቷል፣ በየአጥሩ ሥር አልፏል፣ ከቤቶቹ ጀርባ ወደ በቆሎው ማሳ ዞሯል። በቆሎው በዚያ ወቅት ከሰው ቁመት ያልፋል። ኢቢሳ የሚመለሰውን ዱካ ፈለገ። ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ። የለም።

ተመልሶ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ገብተዋል፤ አልወጡም። ሳትሮጡ፣ ሳትጮኹ፣ በየቤቱ ያለውን ሰው ወደ ጠጠሩ አውጡ።»

ሰዉ ልጁን አቅፎ፣ አፉን ይዞ መውጣት ጀመረ። በሮች እየተከፈቱ ሳይዘጉ ቀሩ። ሩክያ ቀለበቱን ጨብጣ ገፋች፤ ጎማው ፈቀቅ አላለም። እንደገና ገፋች። ጭቃው ይበልጥ ዋጠው። ሰዎች በአጠገቧ እያለፉ ነው። «እባካችሁ» ልትል አፏን ከፈተች፣ ከማለቷ በፊት ግን ከኋላዋ ወንበሩ ተነቃነቀ። ሸዋጌጥ አንዱን እጀታ ይዛለች፣ ድርቤ ሌላውን።

«አትግፉኝ፣ ይሰምጣል» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ወደ ኋላ አዘንብሉኝና እየጎተታችሁ ሂዱ።»

«ያ ዋቀዮ፣ ምነው እንዲህ ከበድሽ?» አለች ድርቤ እያቃሰተች።

«ስልኮቹን ታቅፌ ነው።»

«ጣያቸው!»

«የሰው ነው፣ አልጥልም።»

አዘንብለው ጎተቷት። ልሙጡ ጎማ ጭቃውን እየቀደደ ተከተላቸው። ሁለቱ ሴቶች ወደ ጠጠሩ ነበር የሚያዩት፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊቷ ወደ በቆሎው የዞረ ሩክያ ብቻ ነበረች። ነፋስ አልነበረም። የበቆሎው ጽጌ አንድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅጠሉ ውኃ ያንጠባጥባል።

ከማሳው መሃል አንዱ የበቆሎ አናት ዘንበል አለ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ወዲህ የቀረበው።

ሩክያ አልጮኸችም። ስልኮቹን ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘችና፣ ከኋላዋ ያሉት ብቻ እንዲሰሙ፣ «ፍጠኑ» አለች።